ስልኩ የማን ነው?

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ባለህበት ይጠብቅህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይቅናልህ። እናትህ ደህና ናት።

ስልክ እያለ ወረቀት መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ስልኬ ግን የኔ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ሱቁ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው ጎን በሰፋሁለት ኪስ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። ግቢው ሁሉ ይደወልለታል፤ ደንበኛው ሁሉ ይሰማል። እኔም ጆሮዬ እየከዳኝ ስለሆነ ጮክ ብዬ ነው የማወራው። ዛሬ የምጽፍልህ ነገር ደግሞ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። ፖስታውንም ማጣበቂያው ብቻውን አላሳመነኝምና ዙሪያውን በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ። ተርትረህ ክፈተው እንጂ አትቅደደው።

መጀመሪያ የሚያስቀውን ልንገርህ። በቀደም ስልኬ ጮኸና "ውድ እናት፣ የልጅዎ የክትባት ቀን ደርሷል" አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ "ልጅዎን ባለማምጣትዎ አሳስቦናል" ብሎ ተቆጣኝ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የአናጢው ሚስት፣ "እትዬ ስልክ፣ አባቱን ንገሪን እንጂ፤ እንኳን ደስ ያለህ እንበለው!" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ማታ በሩን ስዘጋ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ እሱን ተወው። ልጁ ለካ የራሷ የቀላጇ ነው። ካርድ ሲያወጡለት የሰጡት የኔን ቁጥር ነው። ሌላ የምን ቁጥር ይስጡ?

"እትዬ ስልክ" መባሌን ረስተኸው ከሆነ፣ አሁንም ነኝ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ ጠየቅኳት። "አዲሱ ሲስተም ነው እትዬ፤ ከውጭ ነው የመጣው" አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ "የወንድሜ ልጅ ነው የሠራው" አልኳት። እውነቴን ነው አይደል? አንተ ነህ?

አሁን የማያስቀውን። ግቢያችን ውስጥ ያለች አንዲት ሴት የሴት ምርመራ አድርጋ ነበር። ውጤቱ በመልእክት መጣ፤ የመጣው በኔ ስልክ ነው። ሱቅ ውስጥ፣ በሰው ፊት ተነበበ። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያ አልሄደችም። ሂጂ የሚላትም የለም፤ ሂጂ ማለት ሰምቻለሁ ማለት ነዋ። የምጠይቅህ ይህን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በኔ ስልክ እንዳይመጣ ማድረግ ትችላለህ? ሴትዮዋስ መሄድ አለባት ወይስ ይቆያል?

ለእናትህ እንደጻፍኩልህ አትንገራት። የሰው ነገር አወራች እንዳትለኝ።

አክስትህ


ኅዳር 14 ቀን

ለተወደድሽው አክስቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በርዷል። ፖስታውን እንዳልሽው ተርትሬ ነው የከፈትኩት፤ ክሩ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። (ይህን ጽፌ ሰረዝኩት፣ ደግሞ ጻፍኩት። እንዲሁ ይቀመጥ።)

አዎ፣ እኔ ነኝ። ብቻዬን ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ነን። የኔ ሥራ የሲስተሙን አጥንት መንደፍ ነው። እንዲህ አስቢው፦ ሰሌዳ ላይ አራት ሳጥን ሥለናል። አንዱ ካርድ ክፍል ነው፤ አንዱ የሐኪሙ መዝገብ፤ አንዱ ላብራቶሪ፤ አንዱ መልእክት ላኪ። ድሮ እያንዳንዱ የየራሱን ወረቀት ታቅፎ ይቀመጥ ነበር። ካርድ ይጠፋል፤ ውጤት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ሰውም "ነገ ተመለሱ" ይባላል። አሁን ሳጥኖቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ለመነጋገር ግን ሁሉም አንድን ሰው የሚያውቁበት አንድ ምልክት ያስፈልጋቸዋል። ስም ይመሳሰላል፤ የልደት ቀኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ምልክቱ የስልክ ቁጥር ሆነ። አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ። ንጹሕ ንድፍ ነው ተብሎ ተመስግኗል።

ስለዚህ ያጋጠመሽ የሲስተሙ ስህተት ሳይሆን የአመዘጋገብ ችግር ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የታካሚውን የራሱን ቁጥር መጻፍ ነበረባት። ለሚመለከተው ክፍል አስታውቄያለሁ።

ስለ ሴትዮዋ፣ ማንነቷን አላውቅም፤ ባውቅም መዝገቧን ማየት የኔ ፋንታ አይደለም። ነገር ግን ክትትል ያስፈልጋል ከተባለች መሄድ አለባት። እንዲህ ያለው ነገር በጊዜ ከተደረሰበት ቀላል ነው። ከቆየ ግን ቀላል አይደለም። ንገሪያት።

ከፈለግሽ ስልክ ልልክ እችላለሁ። ለእማዬም የራሷን። እማዬ እንዴት ናት? "ደህና ናት" ብቻ ብለሽ አለፍሽው። አሁንም ሱቅ እየመጣች ልብስ ትተረትርልሻለች?

በሰላም ያቆይሽ።

የወንድምሽ ልጅ


ታኅሣሥ 6 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኔ አለሁ። ክፉ አይንካህ፤ ብርዱም ይለፍልህ።

"አስታውቄያለሁ" ያልከው ነገር እዚህ ደርሷል። የካርድ ክፍሏን ልጅ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ተቆጧት፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ሰጧት። አሁን "የራስዎ ስልክ ከሌለ አልመዘግብም፤ እንጀራዬን አትዝጉብኝ" ትላለች። የአናጢው ሚስት ሕፃኑን አዝላ ሄዳ ተመለሰች። "ልጁ የራሱ ስልክ የለውም?" ተብላ! ነገሩ ያስቃል፤ ክትባቱ ግን አለፈው። ልጅቷ ድሮ "እትዬ" ብላ ከመስኮቱ ብድግ ትልልኝ ነበር። አሁን ቀና ብላ አታየኝም። ነገር የሠራሁባት እኔ ነኝ ብላለች፤ አልተሳሳተችም።

ስልክ አትላክ። እናትህን ነገሩን ሳላነሳ ብጠይቃት፣ "የራሴ ስልክ ምን ያደርግልኛል? የሚደውልልኝ አንድ ልጅ ነው፤ እሱም የአንቺን ያውቀዋል" አለችኝ።

አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ላስታውስህ። ልወቅስህ አይደለም፤ ስለማልረሳው ብቻ ነው። የመጀመሪያ ሥራህ ላይ ሲጠሩህ የደወሉ ቀን እኔ ቀሚስ እየለካሁ፣ አፌ ስፒል ሞልቶ ነበር። መጮህ አልቻልኩም። ስልኩን እያውለበለብኩ በግቢው መሀል ስሮጥ ለሰው ሁሉ እብድ መስዬ ነበር። አንተ ቧንቧው ጋ ፊትህን እየታጠብክ ነው። ሳሙናው ዓይንህን እያቃጠለህ ስልኩን ተቀበልከኝና "አዎ፣ ቁጥሬ ነው" አልካቸው። ሰምቼሃለሁ። ደስ ነው ያለኝ። የአንተም ነበር እኮ።

አሁን ሴትዮዋን ንገሪያት ብለኸኛል። ምን አፍ አለኝ? የሆነውን ልጻፍልህና አንተው ፍረድ።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰው ነበርን። እኔ መኪናው ላይ። እሷ በሩ አጠገብ፣ ዱካው ላይ ቁጭ ብላ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ትተረትራለች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰውዬ ደግሞ መጋረጃው ጀርባ ቆሟል፤ ሱሪው እኔ እጅ ላይ ስለሆነ መውጣት አይችልም። ስልኩ ጮኸ። ለስልክ ፊደል ዓይኔ እንደማይበቃ ታውቃለህ። "ደግሞ ልጄ ተቆጥቶ ይሆናል" ብዬ ቀለድኩና ስልኩን በመጋረጃው ቀዳዳ አቀበልኩት፤ "እስቲ አንብብልኝ።" እሱም እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። "ውድ ታካሚ፣ የማህፀን በር ምርመራ ውጤትዎ ክትትል ያስፈልገዋል። በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ።"

መኪናዬ ራሱ ቆሟል።

"እትዬ፣ ይሄ የርስዎ ነው?" አለ ከመጋረጃው ጀርባ።

"የኔ አይደለም" አልኩ። ቶሎ ብዬ። ማንም ሳይገፋኝ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሴቶች ሁለት ነን።

እሷ መተርተሯን አላቆመችም። እጅጌው አልቆ የማይተረተረውን ስትተረትር፣ ትከሻው ተገንጥሎ እጇ ላይ ቀረ። ሰውየው ሱሪውን ለብሶ ሲወጣ ወደ እሷ ዞሮ፣ ዝቅ ብሎ "ፈጣሪ ይማርዎት" አላት። ቢሰድባት ይሻል ነበር።

"የኔ ነው" ብል ምን እሆን ነበር? ምንም። ባል የለኝ፣ የሚያማኝ የለ። ይህን ሳስብ ነው ፊቴ የሚግለኝ።

እናትህ ደህና ናት።

አክስትህ


ታኅሣሥ 27 ቀን (ያልተላከ)

አክስቴ፣

ልብስ የምትተረትርልሽ ሴት አንድ ናት።

ደብዳቤሽን ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤው ነው የምሄደው። ሰኞ ስብሰባ ነበረን። ክፍሉ በመስታወት የተከበበ ነው፤ ከውጭ የሚያልፍ ሁሉ ያየናል። ሰሌዳው ላይ አራቱ ሳጥኖች አሉ። አለቃዬ፣ "ከአንዳንድ ጤና ጣቢያ አንድ ቁጥር ላይ ብዙ ሰው እየተመዘገበ ነው። እዚያ ሰዎች ስልክ ይጋራሉ እንዴ?" አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "እዚያ" ማለት እኔ ነኝ።

ኪሴ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ። ሳሙናውም አለ። አፌን ከፈትኩና "ድሮ ነበር፤ አሁን ሁሉም የራሱ አለው" አልኩ። ሲስተሙ ገና ሲነደፍም ይህንኑ ጠይቃኝ ይህንኑ ነበር የመለስኩት። ያኔ ማንም አልሳቀም፤ አሁንም ማንም አልሳቀም። ሊስቅ ያሰበም ያለ አይመስለኝም። ታዲያ ከማን ነው የደበቅኩሽ?

ከምሳ በኋላ ቁጥርሽን ሲስተሙ ላይ ጻፍኩት።

ብልሽት የሚፈትሽ ሰው መዝገብ መክፈት ይችላል። ግን መጀመሪያ ይጠየቃል፤ አንድ ባዶ መስመር ይመጣል፣ "የሚከፍቱበት ምክንያት" የሚል። መጠየቅ አለበት ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ። ማንም የሰው ገመና ዝም ብሎ እንዳይከፍት። "ብልሽት ለመፈተሽ" ብዬ ጻፍኩ። አመነኝ።

የወጣው አንድ ሰው ነው። ግቢውን በሙሉ አንድ ሰው አድርጎታል። አራስ ነው፤ ስኳር አለበት፤ ጣቱን መጋዝ ቆርጦት ተሰፍቷል፤ ጥርሱን እያበቀለ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። ወደ ታች ወረድኩ። መውረድ አልነበረብኝም፤ ብልሽቱን ከላይ አይቼዋለሁ። ወረድኩ። ዕድሜዋ። "ባሏ የሞተባት።" ምርመራው።

ካንሰር አይደለም። ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ለውጥ ነው። አሁን ቢታከም የሚነሳ። ሁለተኛ መልእክት እንደተላከም ይላል። "ደርሷል" ይላል። አልመጣችም ይላል።

ዘጋሁት። መዝጋት ምንም አይዘጋም።

እሁድ ስደውል አንቺ አነሳሽና ጠራሻት። "ደህና ነኝ ልጄ" አለችኝ። "እኔም ደህና ነኝ" አልኳት። ከኋላዋ ሰው ይስቃል፤ መኪናሽ ይንጫጫል። ምን እንዳላት እያወቅኩ፣ ስለ አየሩ ጠየቅኳት።

ይህን አልልከውም።


ጥር 3 ቀን

ለተወደድሽው አክስቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሥራ በዝቶብኛል። ሴትዮዋ መሄድ አለባት፤ እባክሽ። ለዓይንሽ መነጽር ልኬያለሁ።

በሰላም ያቆይሽ።

የወንድምሽ ልጅ


ጥር 28 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? መነጽሩ ልክ ነው፤ እጅህ አይንጠፍ።

ደብዳቤህ አጭር ናት። ግን አጭርነቷ አይደለም የነገረኝ። ስለ እናትህ አልጠየቅክም። ከሄድክ ጀምሮ ስትደውልም ስትጽፍም "እማዬ እንዴት ናት" ሳትል ቀርተህ አታውቅም። ወረቀቱን ገልብጬ ሁሉ አየሁት። አውቀሃል።

እኔም ስጽፍልህ እንድታውቅ ፈልጌ ይሁን እንዳታውቅ፣ ለራሴም አልገባኝም። መተርተሯን ባልጽፍ ኖሮ አታውቅም ነበር። ጻፍኩት። "ለልጄ እንዳትነግሪው፤ እዚያ ብቻውን ነው" ብላ ያስማለችኝ እሷ ናት፤ ያውም ምርመራውን ገና ልታደርግ ስትሄድ። መሐላዬን አላፈረስኩም እያልኩ በጎን አሾለኩት።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሁለተኛ መልእክት መጥቷል። ሱቁ ባዶ ነበር። የመርፌ ቀዳዳ በማይበት ማጉያ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ማንም አንብቢ አላለኝም። የሷ እንደሆነ የመጀመሪያው ቃል ላይ ገብቶኛል፤ እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። "ሕክምናው ሳይዘገይ" ይላል። ከዚያ አጠፋሁት።

ለምን አትበለኝ። ይዤላት ልሄድ ተነስቼ ነበር። በሯ ጋ ስደርስ ልብስ ታሰጣለች። "ምነው?" አለችኝ። "ስፒል ጠፍቶብኝ፤ እዚህ ወድቆ እንደሆነ" አልኳት። ሁለታችንም አጎንብሰን ያልጠፋ ስፒል ፈለግን። ሲመሽ ወደ ሱቄ ተመለስኩና መልእክቱን ያኔ አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያው ነው። ሱቅ መምጣት ትታለች። ቧንቧው ጋ ስንገናኝ "ልጁ ደወለ?" ትለኛለች፤ "ደህና ነው" እላታለሁ። ውሃው እስኪሞላ ሁለታችንም ባልዲውን እናያለን።

እስካሁን ጤና ጣቢያው ሁለቴ እንደጠራት አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ። አንተም ካወቅክ ሦስተኛዋ እሷ መሆኗ ነው፤ በገዛ ገላዋ።

ምን ላድርግ? ንገረኝ። የምትለኝን አደርጋለሁ።

አክስትህ


የካቲት 9 ቀን

አክስቴ፣

ደህና መሆንሽን ሳልጠይቅ ልጀምር፤ ይቅር በይኝ።

አዎ፣ አይቻለሁ። ካንቺ ደብዳቤ ገምቼ ነበር፤ ግምት ግን አልበቃኝም። ቁጥርሽን ጽፌ መዝገቧን ከፈትኩ። ምክንያት ስጠየቅም ዋሸሁ። አንቺ ማጉያ ነበረሽ፤ እኔ ደግሞ ፈቃድ ነበረኝ። የኔ ይብሳል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ስብሰባ ነበር። ስለ ሌላ ነገር እያወሩ ሳለ ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፤ እዚህ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። "ስልክ ይጋራሉ" አልኩ። "ድሮ ብቻ አይደለም። እኔም ተጋርቻለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት በአክስቴ ስልክ ነው። አሁን የእናቴ ውጤት በዚያው ስልክ ሄዶ ሱቅ ውስጥ ተነቧል። መዝገቧንም ያለ አግባብ ከፍቻለሁ።" ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር።

አለቃዬ ወደ ሰሌዳው ዞራ አራቱን ሳጥኖች አየች። "ሁለቴ ጠይቄህ ነበር እኮ። ለምን አልነገርከንም?"

"አፈርኩ" አልኩ።

ከኛ ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ፕሮግራመር፣ "ስልክ መጋራት ምኑ ያሳፍራል?" አለ። ሊያሾፍብኝ አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ይህን ሁሉ ያደረግኩለት ነገር፣ አንድ ልጅ ሲጠይቀኝ የሌለ ሆነ።

መዝገብ የመክፈት መብቴን አንስታዋለች። ልክ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንድፉን እያፈረስን ነው። ካሁን በኋላ ሰው የሚታወቀው ጤና ጣቢያው ካርዱ ላይ በሚሰጠው በራሱ ቁጥር ነው። ስልክ መልእክት የሚላክበት አድራሻ እንጂ ሰው አይደለም። ሲመዘግቡ "ስልኩ የማን ነው?" ተብሎ ይጠየቃል፤ የራሱ ካልሆነም "በዚያ ይላክልኝ" ወይ "አይላክብኝ" ማለት የታካሚው ፋንታ ነው። መልእክቱም የበሽታ ስም አይጠራም። የካርዱን ቁጥር መጨረሻ ጠቅሶ "ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ" ይላል፤ በቃ። ሲስተሙ በቁጥርሽ አንድ ሰው ያደረገውን ግቢም መልሰን እየለያየን ነው። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ጥፋቱ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ሳይሆን የንድፉ እንደሆነ በስሜ ጽፌያለሁ። ማስጠንቀቂያውን እንዲያነሱላት ለምኛለሁ። አንቺም በኔ ስም ይቅርታ ጠይቂያት።

ምን ላድርግ ብለሻል። ንገሪያት። የደበቅሽውን መልእክት ንገሪያት፤ እኔም እንዳየሁ ንገሪያት። ትናደድብን። ይዳናል እኮ አክስቴ፤ እስከ መቼ እንደሚዳን ግን አላውቅም።

የወንድምሽ ልጅ


መጋቢት 19 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ በዚህ ጊዜ እውነቴን ነው።

ነገርኳት። ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት በሯን አንኳኩቼ ገባሁና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስፒል አልጠፋብኝም አልኳት። የመጋረጃውን ነገር፣ ያጠፋሁትን መልእክት፣ ያንተን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ልብስ ታጥፍ ነበር። ያጠፈችውን ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

"ሁለታችሁም ከኔ በፊት?" አለች። ስወጣ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው፤ ያን በር በቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም።

ቀን አለፈ። ሁለት ሦስቴ ሰላም አልኳት፤ አንገቷን በማነቃነቅ ብቻ መለሰችልኝ። እኔ ያረጀሁ ሴት፣ እንደ ተቀጣ ልጅ በሱቄ ቀዳዳ በሯን ስጠብቅ ዋልኩ።

የሰው ነገር የምትወድ አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ አንድ ቀን ዚፕ ልታስቀይር መጥታ ተቀምጣ ሳለ ስልኩ ጮኸ። መነጽሬን እስካደርግ ስልኩን ከኪሱ መዝዛ፣ "እኔ ላንብብልሽ እትዬ" ብላ ጀመረችው። የካርድ ቁጥሩ እንዲህ ብሎ የሚያልቅ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ ይላል። ሌላ የለውም። ገለበጠችው፣ ሌላ ፈለገች፤ የለም። "የማን ነው?" አለች፣ ዓይኗ እየተቁለጨለጨ።

"የኔ ነው" አልኩ።

"ምንሽን አሞሽ?"

"ቀጠሮ አለኝ። ዚፕሽ ነገ ይደርሳል።" መኪናውን ሸፈንኩ፣ ነጠላ ጫማዬን አደረግኩ። ቀና ስል እናትህ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየኋትም። የዚያን ቀን የተገነጠለውን ቀሚስ ይዛለች፤ እጅጌውን በእጇ መልሳ ሰፍታው፣ ስፌቱ አይታወቅም። ቀሚሱን ዱካው ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፣ ደንበኛዋ እየሰማች፦

"ታመሽ ብቻሽን ትሄጃለሽ? ነይ ልሸኝሽ።"

መንገዱን ሙሉ እጄን ይዛኝ ሄደች፤ በሽተኛዋ እኔ ሆኜ፣ እያነከስኩ። ሁለታችንም አልሳቅንም። ጥግ ስንታጠፍ ግን ክንዷ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ልታለቅስ ነው ብዬ ሳያት ለካ ሳቋን ይዛ ነው። "ደሞ ማንከስሽ!" አለችኝ።

የካርድ ክፍሏ ልጅ አለች። ማስጠንቀቂያውን አንስተውላታል። ካንተም ከኔም ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ "ይሁን እትዬ" አለች፤ ብድግ ግን አላለችም። ጊዜ ይፈጃል። እናትህን አዲሱን ጥያቄ ጠየቀቻት።

"ስልኩ የማን ነው?"

"የሷ" አለች እናትህ፣ በአገጯ እያሳየችኝ።

"መልእክት በዚህ ስልክ ቢመጣ ይፈቅዳሉ?"

ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? "ይምጣ" አለች። "ታምጣልኝ። የማነበው ግን እኔ ነኝ።"

"ከቤተሰብ ውጤትዎን እንዲያውቅ የሚፈልጉት ሰው አለ?"

"ልጅ አለኝ።"

"ስሙን ልጻፈው?"

"አትጻፊው" አለች። "እሱ ይጠይቀኝ።"

ከዚያ ሲስተሯ መጥታ ወሰደቻት። እኔ አግዳሚው ላይ ቀረሁ። ስትወጣ ያለችኝን፣ የተደረገላትንም፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ምን እንደሚያሳይም አልጽፍልህም። የኔ አይደለም።

አክስትህ


ሚያዝያ 2 ቀን

እማዬ፣

ይህን ፖስታ የሰፋሁት ራሴ ነኝ። ክሩ የአክስቴ ቀዩ ክር ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ አቆይቼው ነበር። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ስትተረትሪው ትስቂብኛለሽ።

መዝገብሽን ከፍቼ አንብቤያለሁ። አላየሁም አልልሽም። ያኔ የቸገረኝ እንዴት እንደሚጠየቅ ነበር፤ ከሰሌዳና ከሳጥን ጋር ስውል፣ አንድ ሰው እናቱን እንዴት እንደሚጠይቅ ጠፋኝ። ያየሁት ሁሉ ከኔ ጋር ነው፤ ምን እንዳነበብኩ ለማንም አልነገርኩም። ግን ካንቺ የሰማሁት አይደለም፤ ስለዚህ ምንም እንደማያውቅ ሰው ልጀምር።

በየደብዳቤዬ አናት ላይ ሁልጊዜ የምጽፈው ነገር አለ። ጽፌው ወደ ሌላው አልፋለሁ፤ መልሱን ጠብቄ አላውቅም። ዛሬ ከሱ በኋላ ምንም አልጽፍም።

ለጤናሽ እንደምን ነሽ?